ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ከጨጓራ ማስቀነሻ ቀዶ ሕክምና በፊት አምስት ሳምንት ቀርቶኛል

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ክብደቴ 112 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ለስኳር በሽታዬ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ፤ ቃርም ያስቸግረኛል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ኢስታንቡል ሄጄ ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና (ስሊቭ) ለማስቀነስ ቀጠሮ ይዣለሁ። የላኩልኝ ወረቀት «ሁለት ሳምንት ዝቅተኛ ካሎሪ» ከማለት ውጪ ምንም አይልም። ጓደኞቼ «ከዚያ በኋላ መብላት ስለማትችዪ አሁን እንደልብሽ ብዪ» ይሉኛል። ቀጠሮው ዐቢይ ጾም ውስጥ ይገባል፤ መጾም እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ካልጠየቁት ልጀምር፤ ቀጠሮዎን ሊያስቀይር የሚችለው ቃሩ ነው። ስሊቭ ከጨጓራ 75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ ያወጣና ቀሪውን ጠባብ ቱቦ ያደርገዋል። ውስጡ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ነባር ቃር ብዙ ጊዜ ይብሳል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የሚደረግ የጨጓራ ምርመራ) ይታዩ። የምግብ ቧንቧው የቆሰለ ከሆነ «ስሊቭ ነው ወይስ ባይፓስ (ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ሠርቶ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና) የሚሻለኝ?» ብለው ቀዶ ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁት። በዚያው ምርመራ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ይታይልዎት። ከተገኘ ሕክምናው 14 ቀን ነው፤ መጥፋቱ የሚረጋገጠው ደግሞ መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ ነው (የደሙ ምርመራ ከዳኑም በኋላ «አለ» ሊል ይችላል)። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ ከዚህ ማረጋገጫ ምርመራ 2 ሳምንት በፊት መቆም አለበት። ሕክምናውና ከዚያ በኋላ ያለው ቆይታ ሲደመር 6 ሳምንት ነው፤ እርስዎ ያለዎት 5 ነው። ባክቴሪያው ከተገኘ ቀኑ እንዲገፋልዎት ይጠይቁ። የአውሮፕላን ትኬት ተቆርጧል ተብሎ የሚዘለል ነገር አይደለም።

የጓደኞችዎን ምክር ግን እባክዎን አይስሙ። የጉበት ግራ ክፍል የጨጓራን የላይኛውን ጫፍ እንደ ክዳን ሸፍኖት ይተኛል። ቀዶ ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ ጉበቱን ወደ ላይ ደግፎ ይዞ ነው ከሥሩ የሚሠራው። ክብደት ከስኳር ጋር ሲደመር ጉበት ስብ ይሞላበታል፤ ያብጣል፣ ሲነካም ቶሎ ይደማል። ካልተነሳ የሚቆረጠው ቦታ አይታይም፤ ያን ጊዜ ወይ ሆድ በሰፊው ይከፈታል ወይ ሥራው ይቋረጣል። ጉበት የሚያጠራቅመው አንድ ግራም ስኳር 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲቀነስ መጀመሪያ ይህ ክምችት ከነውሃው ይወጣል፣ ስቡም ይከተላል። ሁለቱ ሳምንት ለዚህ ነው፤ በዋዜማው የሚደረግ የስንብት ግብዣ ክምችቱን መልሶ ይሞላዋል።

የተለመደው መጠን በቀን ከ800 እስከ 1,000 ካሎሪ፣ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ነው። ለምሳሌ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ሁለት ብርጭቆ ስቡ የወጣለት ወተት፣ 120 ግራም ቆዳው የወለቀ የዶሮ ሥጋ፣ አንድ ጭልፋ ምስር፣ ጎመንና ሰላጣ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ዘይት። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ማርና ጭማቂ ይቆማሉ።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ይበሉም አይብሉ ኢንሱሊን አምጪ እያለ ያስገድደዋል። በዚህ አመጋገብ ላይ እንደ ወትሮው ከዋጡት ስኳርዎ፣ በተለይ ሌሊት፣ ክፉኛ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አመጋገቡን ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎ ጋ ሄደው መጠኑ እንዲቀነስ ወይም እንዲቆም ያድርጉ፤ ስለ ሜትፎርሚኑም ያኔውኑ ይጠይቁ። በእነዚያ ቀናት ስኳርዎን ጠዋት፣ ከእራት በፊትና ሲተኙ ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም ካላበዎትና እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ሥጋና ወተት መተው በራሱ ከባድ ችግር አይደለም፤ ሂሳቡ ግን ጠባብ ነው። 60 ግራም ፕሮቲን ከምስር ብቻ ለማግኘት ከ650 ግራም በላይ የተቀቀለ ምስር ያስፈልጋል፤ ይህ ብቻውን የቀኑን ካሎሪ ሊጨርስ ምንም አይቀረው። ስለዚህ የአኩሪ አተር ወተት ወይም የዕፅዋት ፕሮቲን ዱቄት ያስፈልግዎታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ምግብና ውሃ መቆየት ግን ከስኳር መድኃኒቱ ጋር አይሄድም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ በቀን 1.5 ሊትር ፈሳሽ በጉንጭ በጉንጭ ቀኑን ሙሉ መጠጣት ስላለብዎት ጨርሶ አይቻልም። ከንስሐ አባትዎ ጋር ቀኑ ሳይደርስ ይነጋገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት።

ሲጋራም ሺሻም ካለ ዛሬውኑ ይቁም፤ የተሰፋው እንዳይድን ያደርጋል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ከወሰዱ የደም መርጋትን ስለሚጨምር ከወር በፊት በሌላ ይቀየር። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎችም ይቅሩ። የሚያንኮራፉና ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥልዎት ከሆነ ማደንዘዣ ሰጪው ማወቅ አለበት። የብረት፣ የቢ 12 እና የቫይታሚን ዲ መጠንዎን እዚሁ ይለኩ፤ የጎደለ ካለ ከአሁኑ ይተካ።

ከመሄድዎ በፊት እዚህ የሚከታተልዎ ሐኪም ይያዙ፤ ሲመለሱም የቀዶ ሕክምናውን ሙሉ ሪፖርት ይዘው ይምጡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልብዎ በደቂቃ ከ120 በላይ ከመታ፣ ትኩሳት ወይም ወደ ግራ ትከሻ የሚወጣ ሕመም ካለ፣ የተሰፋው አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይግቡ።

ሌላው ማስታወክ ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ የሚያስመልስዎት ከሆነ ቫይታሚን ቢ 1 (ታያሚን) ሊያልቅብዎት ይችላል። እኛ አገር ላስመለሰውና ለደከመው ሰው ቶሎ ግሉኮስ ይሰቀላል። ቢ 1 ያለቀበት ሰው መጀመሪያ ግሉኮስ ከገባለት ግን አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል፤ ዓይን ሁለት ሁለት ያያል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ ሐሳብ ይምታታል። «የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፤ ከግሉኮስ በፊት የታያሚን መርፌ ይሰጠኝ» የሚል ወረቀት በቦርሳዎ ይያዙ፤ አንድ ቅጂም አብሮዎት ለሚኖር ሰው ይስጡ።