ግምገማውን ብቻ አውርዳችሁ አትሂዱ

የሃይማኖት ጥናት ለምትጀምሩ ልጆች፣

ዘዴያችሁን አውቀዋለሁ። መጽሐፉ ውድ ነው፣ ወይም 600 ገጽ ነው፣ ወይም ቤተ መጻሕፍቱ የለውም። ጽሑፉ ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ይፈለጋል። ስለዚህ መጽሐፉ ላይ የተጻፈ የሦስት ገጽ ግምገማ ከኢንተርኔት ታወርዳላችሁ። ከዚያ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር እንዳነበበ ሰው ትጽፋላችሁ። መምህራችሁ ግን ይነቃል። የምታነሷቸው ነጥቦች የገምጋሚው ናቸው፤ የምትጠቅሷቸው ገጾችም ገምጋሚው የጠቀሳቸው ብቻ ናቸው።

ልቆጣችሁ አይደለም። ግምገማ አንብቡ፤ እንዲያውም አሁን ከምታነቡት በላይ አንብቡ። የምለው ሌላ ነው። ግምገማ የመጽሐፍ ማሳጠሪያ አይደለም፤ የክርክር አንድ ወገን ነው። ስክሪናችሁ ላይ የሚመጣው ደግሞ አንድ ብቸኛ ፋይል ነው። ከእሱ በፊት ማን ምን እንዳለ፣ ከእሱ በኋላ ማን እንደመለሰ አይነግራችሁም። የተበጠሰውን መልሶ መቀጠል የእናንተ ሥራ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1977 ኢ. ፒ. ሳንደርስ የተባለ የአዲስ ኪዳን ምሁር ስለ ጳውሎስና ስለ ፍልስጤም ይሁዲነት ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ያኔ ብዙ የአዲስ ኪዳን ምሁራን የጳውሎስን ዘመን ይሁዲነት ሰው በሥራው ብቻ ጽድቅን የሚያጠራቅምበት ደረቅ ሃይማኖት አድርገው ይስሉት ነበር። ሳንደርስ ይህ ሥዕል ስህተት ነው አለ። ሰው ወደ ቃል ኪዳኑ የሚገባው በጸጋ ነው፤ ሕጉን መጠበቅ በቃል ኪዳኑ ውስጥ ለመቆየት ነው ብሎ ተከራከረ። መጽሐፉ መስኩን አናወጠው።

በዓመቱ የይሁዲነት ተመራማሪው ጃኮብ ኒውስነር ‹ሂስትሪ ኦቭ ሪሊጅንስ› በተባለው ጆርናል ላይ ረጅም ግምገማ ጻፈ። ቅሬታው ጠንከር ያለ ነው። ሳንደርስ ጥያቄውን ከጳውሎስ ተውሶ ለረቢዎቹ (ለአይሁድ የሕግ መምህራን) ጽሑፎች አቀረበ፤ ረቢዎቹ ግን የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው ይላል። እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ይህ የአንድ መጽሐፍ ጉድለት ብቻ አይደለም። በሁለት ሃይማኖቶች ውስጥ ስለ ጸሎት፣ ስለ ጾም ወይም ስለ ምንኩስና ለማነጻጸር የሚነሳ ሁሉ ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ጥያቄው የማን ነው? መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ተማሪ ይህን ላያየው ይችላል። ግምገማውን ብቻ ያወረደ ደግሞ ሳንደርስ በ1980 መልስ መስጠቱን አያውቅም። መልሱ የወጣው በሌላ ሰው አርታኢነት በታተመ የጥናት ስብስብ ውስጥ ስለሆነ፣ የመጽሐፉን ርዕስ ብቻ ሰርች ስታደርጉ ላይመጣ ይችላል።

ያው ኒውስነር የኢየሩሳሌሙን ታልሙድ (የጥንት ረቢዎች የሕግ ክርክር ስብስብ ነው) ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ጀመረ። በዚህ ትርጉም ላይ የታልሙድ ምሁሩ ሳውል ሊበርማን የጻፈው ግምገማ በ1984 በአሜሪካ ኦሪየንታል ሶሳይቲ ጆርናል ወጣ። ሊበርማን ራሱ ከዚያ በፊት በ1983 አርፎ ነበር። ግምገማው የትርጉሙ ትክክለኛ ቦታ ቆሻሻ ቅርጫት ነው እስከ ማለት ይደርሳል። እኔ ሳነበው ዛሬም ፊቴ ይቀላል፤ የተጻፈብኝ ይመስል። ኒውስነር ዝም አላለም። በ1994 የሊበርማን ስህተቶች የሚል ሐረግ ርዕሱ ውስጥ የገባበት መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ የሊበርማንን ግምገማ ብቻ አውርዶ «ምሁራን ትርጉሙን ውድቅ አድርገውታል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የሰማው ግማሹን ነው። የሊበርማን ነቀፋ ዝርዝር የቋንቋና የእጅ ጽሑፍ ጉዳዮችን ስለሚያነሳ ክብደት አለው። ያንን ክብደት ለመመዘን ግን ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ይጠይቃል። ስድቡ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት ይቀላል።

ስለዚህ ፋይሉን ስትከፍቱ መጀመሪያ የገምጋሚውን ስም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። ጄስቶርን የመሳሰሉ የኦንላይን ጆርናል ማከማቻዎች ግምገማውን በተገመገመው መጽሐፍ ርዕስ ነው የሚያስቀምጡት። ተማሪው ተቻኩሎ የመጽሐፉን ደራሲ የግምገማው ጸሐፊ አድርጎ ይጠቅሳል። ደራሲው የራሱን መጽሐፍ ሲነቅፍ ያያችሁበት ጽሑፍ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስሙን ካገኛችሁ ሰውዬው ምን እንደሚያጠና እዩ። በእኛ መስክ ይህ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ስለ አንድ የሐጅ ወይም የንግሥ ጉዞ የተጻፈ መጽሐፍ በነገረ መለኮት ጆርናልም በአንትሮፖሎጂ ጆርናልም ሊገመገም ይችላል። የነገረ መለኮቱ ሰው «እምነታቸውን በማኅበራዊ ጥቅም ብቻ ተረጎመው» ሊል ይችላል። አንትሮፖሎጂስቱ ደግሞ «ካህናቱን እንጂ ምእመኑን አላነጋገረም» ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የራሳችሁ ጥያቄ ብቅ ይላል። ለዚህም ነው በሃይማኖት ዳታቤዝ ብቻ አትወሰኑ የምለው። አትላ የተባለው የሃይማኖት ዳታቤዝ ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን የታሪክና የአንትሮፖሎጂ ጆርናሎችንም በርብሩ።

ፍለጋው ራሱ ብልሃት ይጠይቃል። ግምገማ ብዙ ጊዜ የራሱ ርዕስ የለውም። የደራሲውን የአባት ስምና ከርዕሱ ሁለት ቃል ጻፉ፤ ውጤቱን በ‹ሪቪው› አጣሩ። የድሮ ጆርናሎች ሲሆኑ ደግሞ የግምገማ ክፍሉ በሙሉ አንድ ላይ ስካን ተደርጎ በአንድ ፋይል ሊቀመጥ ይችላል። ያኔ የመጽሐፉ ርዕስ በሰርች አይመጣም፤ ፋይሉን ከፍቶ ገጽ በገጽ ማየት ነው። ዕብራይስጥ፣ ግሪክና ዓረብኛ ያለበት ስካንማ ማሽኑ ሲያነበው ዝባዝንኬ ይሆናል። የፊደል አጻጻፍም ያሳስታል። ቁርኣን የሚለውን ቃል አንዱ በ‹ኪው›፣ ሌላው በ‹ኬ›፣ ፈረንሳዩ በ‹ሲ› ይጽፈዋል። ሁሉንም ሞክሩ። አንዳንድ ማከማቻ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ዓመታት ቅጾች አያሳይም። የድሮውን ነቀፋ ታገኛላችሁ፤ የቅርቡ ማስተካከያ ግን ከግድግዳው ማዶ ይቀራል።

ገንዘብ ለሚያጥራችሁ፣ ብሪን ማር ክላሲካል ሪቪው ከ1990 ጀምሮ በኦንላይን በነፃ ይወጣል። ስለ ጥንታዊ ክርስትናና ስለ ሮም ዘመን ሃይማኖቶች ብዙ ይዟል። የአሜሪካ የሃይማኖት አካዳሚ ደግሞ ‹ሪዲንግ ሪሊጅን› የተባለ የግምገማ ድረ ገጽ አለው። ከ1975 ጀምሮ የሚታተመው ‹ሪሊጅየስ ስተዲስ ሪቪው› በአጫጭር ማስታወሻዎቹ ጠቃሚ ነው፤ ግን አጭርነቱ ለመጠቆም እንጂ ለመከራከር አይበቃም። ጄስቶርም በነፃ አካውንት በወር የተወሰነ ቁጥር ጽሑፍ ኦንላይን ያስነብባል። አሳታሚው ከጀርባ ሽፋኑ ላይ የሚለጥፋትን የውዳሴ መስመር ግን እንደ ግምገማ አትቁጠሯት። ሙሉውን ስታገኙት ከውዳሴው ቀጥሎ «ነገር ግን» የሚል ሊመጣ ይችላል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን «በዚህ መጽሐፍ ላይ የተጻፉ ግምገማዎችን ዘርዝርልኝ» የምትሉም አላችሁ። ከእውነተኛ ጆርናል ስም ጋር ያልተጻፈ ግምገማ ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። ፋይሉን በዓይናችሁ ሳታዩ አትጥቀሱ።

ስትጠቅሱም ግምገማ መሆኑን በግልጽ ጻፉ። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ያገኛችሁት ከገምጋሚው ከሆነ የገምጋሚውን ስም አስቀድሙ። በኦንላይን ብቻ የሚወጣው የገጽ ቁጥር ከሌለው አትፍጠሩለት። ብሪን ማር ለምሳሌ እያንዳንዱን ግምገማ በዓመት፣ በወርና በተራ ቁጥር ይለየዋል፤ እሱን መጻፍ ይበቃል። ዲኦአይ (ለጽሑፉ የተሰጠ ቋሚ መለያ ቁጥር) ካለው ጨምሩት፤ ሊንክ ይሞታል፣ ዲኦአይ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

አዲስ መጽሐፍ ላይ ግምገማ ብታጡ አትደንግጡ። በጆርናል የሚወጣ ግምገማ ከመጽሐፉ አንድ ሁለት ዓመት ዘግይቶ መምጣቱ የተለመደ ነው። እስከዚያው የደራሲውን የቀድሞ መጽሐፍ ማን እንደገመገመው ፈልጉ፤ የድሮው ቅሬታ በአዲሱ መጽሐፍ መልስ አግኝቶ ወይም እንደገና ተደግሞ ታገኙት ይሆናል።