መብራቱ ይበራል፣ ፋኑም ይዞራል፤ ምስል ግን የለም

ጥያቄ፦ የዴስክቶፕ ኮምፒውተሬን ማብሪያ ስጫን የፊት ለፊቱ መብራት ይበራል፣ ፋኑም ይዞራል፤ ሞኒተሩ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ደጋግሜ ካጠፋሁና ካበራሁ በኋላ አንዳንዴ ይነሳል፤ ከተነሳ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ይሠራል። የሚያስቸግረኝ በተለይ ጠዋት ጠዋት ነው። ሰዓቱንና ቀኑንም ወደ ኋላ ተመልሶ አገኘዋለሁ። ያሳየሁት ባለሙያ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን አለበት አለኝ። ሰነዶቼ እንዳይጠፉብኝ ስለሰጋሁ ምክራችሁን እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው ዊንዶውሱን አያስነኩት። ኮምፒውተርዎ የሚቆመው ዊንዶውስ ከተቀመጠበት ዲስክ ገና ምንም ሳይነበብ ነው። ማብሪያውን ሲጫኑ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ሳጥን) 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት መስጠት ይጀምራል፤ ቮልቴጁ ሲረጋጋም ኃይሉ ደህና መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ለማዘርቦርዱ (ሌሎቹ ክፍሎች ለሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ይልካል። ይህ ምልክት ቮልቴጁ ከተረጋጋ ከ100 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ መድረስ ያለበት ሲሆን፣ እስኪደርስ ድረስ ፕሮሰሰሩ ሥራ እንዳይጀምር ተይዞ ይቆያል። ከዚያ ባዮሱ፣ ማለትም በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን) እና የምስል ክፍሉን ይፈትሻል፤ የአምራቹ ዓርማ በሞኒተሩ ላይ የሚታየው ይህ ፍተሻ ሲያልፍ ነው። ዲስኩ የሚነበበውና ዊንዶውስ የሚነሳው ከሁሉም በኋላ ነው። ስለዚህ ዓርማው እንኳ ሳይታይ የሚቆም ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስን መቀየር ሰነዶችዎን ለአደጋ ከማጋለጥ በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም። የፋኑ መዞርም ብዙ አይነግረንም፤ ፋን 12 ቮልት ካገኘ ፕሮሰሰሩ ቢሠራም ባይሠራም ይዞራል።

ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳልዎ ከማንኛውም ሥራ በፊት ሰነዶችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነው።

የሞኒተሩን ኬብል ይመልከቱ፤ ኮምፒውተርዎ ለብቻው የገባ ግራፊክስ ካርድ ካለው ኬብሉ መሰካት ያለበት በካርዱ ላይ እንጂ በማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። የሰዓቱ ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ መድከሟን ያመለክታል። አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ባትሪዋን ይቀይሯት፤ ነገር ግን ለምስሉ መጥፋት ብቸኛ ምክንያት ትሆናለች ብለን አንጠብቅም።

ሳጥኑን ከመክፈትዎ በፊት የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉ፤ ከነቀሉ በኋላም ውስጥ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ይያዙ። እጅዎ ያለው የስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን እንዳይጎዳ የሳጥኑን ቀለም ያልተቀባ ብረት አስቀድመው ይንኩ። ራሞቹን ከሁለቱም ጫፍ መያዣዎቻቸውን ከፍተው ያውጡና ወርቃማውን ጠርዝ በብርሃን ይመልከቱ፤ የጠቆረ ወይም የወዛ ቦታ ካለ ለስላሳ በሆነ ነጭ ላጲስ ቀስ አድርገው ይጥረጉት፣ ፍርፋሪውንም በደንብ ያራግፉ። ሲመልሱት በራሙ ጠርዝ ላይ ያለው ክፍተት በማስገቢያው ላይ ካለው ጉብታ ጋር መግጠሙን አረጋግጠው፣ መያዣው ቀጭ ብሎ እስኪዘጋ ድረስ ይጫኑት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ እጁን ይሰስታል፤ በግማሽ የገባ ራም ግን የሚሰጠው ልክ እርስዎ የገለጹትን ጥቁር ስክሪን ነው። ሁለት ራም ካለዎት አንዱን ብቻ አስገብተው፣ ቀጥሎም በሌላው ተክተው ይሞክሩ። ዲዲአር 5 ራም ያለው ኮምፒውተር ራሙ ከተነካ በኋላ መጀመሪያ ሲበራ ለጥቂት ደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል ቶሎ አያጥፉት።

ይሁን እንጂ እኛ ይበልጥ የምንጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን ነው። ለዚህም ምክንያታችን የጻፉልን አንድ ነገር ነው፤ ችግሩ ጠዋት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲቀዘቅዝ ይብሳል፣ ደጋግመው ሲያበሩት ግን ይነሳል። በፓወር ሰፕላይና በማዘርቦርድ ላይ ያሉ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) ሲያረጁ ኃይል የመያዝ አቅማቸው ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዙ ደግሞ ይብስባቸዋል። ጥቂት ሲሞቁ ለጊዜው ይሻላቸዋል። በማዘርቦርዱ ላይ፣ በተለይ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ፣ አናታቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጡ ክብ ካፓሲተሮች ካዩ ምርመራው በዚያው አበቃ፤ እነሱ ሊቀየሩ ይገባል። መልቲሜትር (የቮልቴጅ መለኪያ) ያለው ሰው 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6፣ 5 ቮልቱም ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ወሰን ውስጥ መሆኑን ሊለካ ይችላል። መልቲሜትር ግን በቅጽበት የሚከሰት መዋዠቅን ስለማያሳይ፣ ልኬቱ ደህና ቢሆንም ፓወር ሰፕላዩ ነጻ ነው ማለት አይቻልም። አስተማማኙ መንገድ ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ፣ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ጠፍቶ ካደረ በኋላ ጠዋት መሞከር ነው። ሲገጥሙት ባለ 24 እግሩን ዋና መሰኪያ ብቻ ሳይሆን በፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚገባውን ባለ 4 ወይም ባለ 8 እግር መሰኪያም አይርሱ፤ ይህ ካልተሰካ ፋኑ ይዞራል፣ ፕሮሰሰሩ ግን አይነሳም። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን ግን በምንም ምክንያት አይክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ለሕይወት የሚያሰጋ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ የእኔ ኮምፒውተር የዊንዶውስ ዓርማ ካሳየ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሳል፤ ይህንኑ ይደጋግማል። ይህ የጀመረው የማዘርቦርዱን ባትሪ ከቀየርኩ ወዲህ ነው።

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ከላይኛው የተለየ ነው፤ ዓርማው ስለታየ የመጀመሪያው ፍተሻ አልፏል። ባትሪው ሲወጣ ባዮሱ የነበረውን ማስተካከያ ረስቶ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል። ከሚረሳቸው ነገሮች አንዱ ዲስኩ የሚነበብበት ስልት ነው፤ ዊንዶውስ ሲጫን ኤኤችሲአይ በተባለው ስልት ከነበረና አሁን ሬይድ ወደተባለው ከተቀየረ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ዊንዶውስ ዲስኩን ማግኘት አቅቶት በመሃል ይቆማል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው በመጫን ወደ ባዮሱ ይግቡ፤ በሳታ (የዲስክ ማገናኛ) ማስተካከያ ሥር ያለውን ምርጫ በወረቀት ከመዘገቡ በኋላ ወደ ሌላኛው ቀይረው አስቀምጠው ይውጡ። ካልተሳካ ወደመዘገቡት ምርጫ ይመልሱትና ዊንዶውስ በራሱ የጥገና ገጹን ሲያመጣ በሴፍ ሞድ (አስፈላጊ ፕሮግራሞች ብቻ በሚነሱበት ሁኔታ) እንዲነሳ ያድርጉ። በሴፍ ሞድ ከተነሳ በቅርቡ የተጫነ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ወይም ሌላ ፕሮግራም መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ፤ በዚያም ካልተነሳ የዲስኩን ጤንነት ያስመርምሩ።