ድክድክ የሚል ልጅ ባለበት ቤት የቦርድ ጨዋታ፦ ጥያቄና መልስ

ከ1 እስከ 3 ዓመት የሆነ ልጅ እያሳደጉ የቦርድ ጨዋታቸውን መተው ያልፈለጉ ወላጆች የላኳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ነፍስን የሚነካው መቅደም ስላለበት በደኅንነት ጀምሬያለሁ፤ የጊዜው ነገር ይከተላል።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ወሯ ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትሰዳለች። ካሉኝ ጨዋታዎች የትኛው ጠጠር እንደሚያሰጋ በምን ልለይ?

መልስ፦ እህቴ፣ በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ ለዪው። የመጫወቻ ዕቃ ፈታሾች ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚጠቀሙት አንዲት ቱቦ ነው። የቱቦዋ አፍ ስፋት 31.7 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ወለሏ ሰያፍ ስለሆነ ጥልቀቷ በአንድ ወገን 25.4፣ በሌላው 57.1 ሚሊሜትር ነው። ሳይጫኑት ሙሉ በሙሉ ቱቦዋ ውስጥ የገባ ዕቃ የሕፃን ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል ተብሎ ይወሰዳል። ቤት ውስጥ ያለው ምትክ የሽንት ቤት ወረቀት ሲያልቅ የሚቀረው የካርቶን ጥቅል ነው። ስፋቱ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ከዋናው መለኪያ ይሰፋል፤ ቢሳሳት እንኳ ወደ ጥንቃቄው ያጋድላል።

በዚህ ሲለካ የተለመደው ዳይስ ጎኑ 16 ሚሊሜትር ስለሆነ ይገባል። ካርካሶን የተባለው ጨዋታ የሰው ቅርጽ ያላቸው ጠጠሮች፣ የካታን ጨዋታ መንገዶችና ቤቶች፣ የቲኬት ቱ ራይድ ጨዋታ ባቡሮችም ይገባሉ። ባቡሮቹ 240 በመሆናቸው አንዱ ወለል ላይ ቢቀር ማንም ልብ አይልም፤ አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። አዙል የተባለው ጨዋታ ታይሎች (ጠፍጣፋ ካሬዎች) ደግሞ የሚያብረቀርቁና ከረሜላ የሚመስሉ 100 ቁራጮች ናቸው፤ ልጅን ከሁሉ በላይ የሚጠሩት እነሱ ይመስሉኛል። ድቡልቡል ነገር ከሆነ መለኪያው ይጠብቃል። ኳስ ጉሮሮን ያለ ክፍተት ስለሚደፍን ስፋቱ ከ44.4 ሚሊሜትር ያነሰውን አትስጪያት።

ጥያቄ፦ ከመታነቅ ሌላ የሚያሰጋ አለ?

መልስ፦ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም ከመታነቅ የማይተናነሱ ናቸው። አንዱ ማግኔት ነው። በአንዳንድ ጨዋታዎች ሳጥን ክዳን ላይና በጠጠሮች ሥር ትንንሽ ብርቱ ማግኔቶች ይገባሉ። ልጅ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከዋጠ በአንጀቱ ግድግዳ ግራና ቀኝ ሆነው ይሳሳባሉ፤ መሃል የተጣበቀው ሥጋ ደም አጥቶ ይበሳል። ሁለተኛው ድምፅ በሚያሰሙ ሰዓት ቆጣሪዎች ውስጥ ያለው የአዝራር ቅርጽ ያለው ባትሪ ነው። የምግብ ቧንቧ ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል፤ ያለቀ የሚመስል ባትሪም ቢሆን። የባትሪው ክዳን በቡሎን የማይታሰር ከሆነ ዕቃው ከቤት ይውጣ። ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፣ እንዲያስመልስም አያድርጉ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ እንዳይሆን እንጂ ቢታነቅስ? ልጃችን 2 ዓመት ሊሞላው ነው።

መልስ፦ ድምፅ እያወጣ በደንብ የሚያስል ከሆነ እንዲያስል አበረታቱት፤ ጀርባውን አትምቱ። ድምፁ ከጠፋ ወይም መተንፈስ ካቃተው ወደ ፊት አጎንብሳችሁት በትከሻ አጥንቶቹ መሃል በመዳፍ ሥር እስከ 5 ጊዜ ምቱት፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ወጥቶ እንደሆነ እዩ። ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ ጭብጣችሁን በእምብርቱና በጎድን አጥንቱ መሃል አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ እስከ 5 ጊዜ ሳቡ። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ሌላ ሰው አስቸኳይ እርዳታ ይጥራ። ራሱን ከሳተ የልብና የሳንባ ማነቃቂያ ይጀመራል። የማታዩትን ነገር ለማውጣት ጣት አትክተቱ፤ ይብስ ወደ ውስጥ ይገፋል። ሆዱ ከተጫነ ደግሞ ቢወጣለትም ሐኪም ይየው። ይህ ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ነው፤ ከዚያ በታች ሆድ አይጫንም። ጽሑፍ ማንበብ እጅን አያለማምድምና አንድ ቀን በአካል ሠልጥኑ።

ጥያቄ፦ ልጃችን ቀን ለ2 ሰዓት ያህል ይተኛል። ሳጥኑ ላይ 90 ደቂቃ የተጻፈበትን ጨዋታ ግን በዚያ ጊዜ ጨርሰን አናውቅም። የምንስተው የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከ120 ደቂቃ ላይ እንቅልፉ እስኪጠና 15 ቀንሱ። ድርደራው 15፣ መሰብሰቡ 10 ይወስዳል። የቀን እንቅልፍ ከቀን ቀን ስለሚለያይ 20 ለመጠባበቂያ ተዉ። እጃችሁ ላይ የቀረው 60 ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ሕጉን ለሚያውቁ ተጫዋቾች የተገመተ ነው፤ ድርደራውን፣ ሕግ ማንበቡን፣ «ቆይ እንደገና አስረዳኝ» መባባሉን አይቆጥርም። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ያለው ጊዜ ከእንቅልፉ ግማሽ አይብለጥ። ድርደራውን ማታውኑ ከጨረሳችሁ ሩብ ሰዓት ታተርፋላችሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ሰው ጨዋታ ሲመርጥ ርዝመቱን ይጠይቃል፤ ልጅ ያለው ሰው መጠየቅ ያለበት «መሃል ላይ ቢቋረጥ ምን ይሆናል?» ብሎ ነው። ለ3 ሰዓት የሚዘልቅ ሆኖ መቋረጥን የሚችል ጨዋታ፣ 20 ደቂቃ ብቻ ወስዶ መቋረጥን ከማይችለው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ ተጫዋቾች አብረው በሽታን የሚዋጉበት ፓንደሚክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በተራህ እስከ 4 ድርጊት ታደርጋለህ፣ 2 ካርድ ታነሳለህ፣ ከዚያ በሽታው ይዛመታል። የት እንደደረሳችሁ ሰሌዳው ራሱ ይናገራል፤ ሁሉም በአንድ ወገን ስለሆነ አንዱ ልጁን ሊያስተኛ ቢነሳ ሌላው ተራውን ይጫወትለታል። ካርካሶንም እንዲሁ ነው፤ ከ72 ታይሎች አንዱን አንስቶ ማስቀመጥ ነው ተራው፤ ተመልሰህ ስትመጣ የምታስታውሰው ነገር የለም። ሰቨን ወንደርስ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይፈጃል፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ካርድ መርጦ ለጎረቤቱ ስለሚያስተላልፍ አንድ ሰው ሲነሳ ጠረጴዛው ሁሉ ይቆማል። በአሸዋ ሰዓት የሚሮጡ፣ ማን ምን እንዳለ በማስታወስ ላይ የቆሙና ሌላውን በማሳሳት የሚያሸንፉባቸው ጨዋታዎች ለዚህ ዘመናችሁ አይሆኑም፤ ልጁ ሲያድግ ትመለሱባቸዋላችሁ።

ተከታይ ጥያቄ፦ እሺ፣ መቋረጡ ሲመጣ ራሱ እንዴት ይደረግ? እኛ ስንመለስ ተራው የማን እንደነበር እንኳ እንጨቃጨቃለን።

መልስ፦ ከ1 ደቂቃ ያልበለጠ ልማድ አድርጉት። የጀመራችሁትን አንዲት ድርጊት ብቻ ጨርሱ፣ ተራውን አትጨርሱ። ተራው የማን እንደሆነ እሱ ፊት ዳይስ በማስቀመጥ አመልክቱ፤ ከ4 ድርጊት 2 ቀርቶት ከሆነ ዳይሱ 2 ያሳይ። በእጅ ያለ ካርድ ተደፍቶ ከየባለቤቱ ሰሌዳ ሥር ይግባ። በስልክ ከላይ አንድ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ጨዋታው ከነትሪው ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል።

ትሪው 60 በ90 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ዙሪያው ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ጠርዝ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ነው። ወለሉ ላይ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ለጥፉበት፤ ባዶ እንጨት ላይ ጠጠሩ ይንሸራተታል። ጨርቁ የዳይስ ድምፅም ይውጣል፤ ልጅ በተኛበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮምፖንሳቶው ከ6 ሚሊሜትር ከሳሳ መሃሉ ይረግባል፤ ስታነሱት ጠጠሩ ሁሉ ወደ መሃል ይሰበሰባል። በር ላይ ጠባቡ ጎን ይቅደም፤ ረጅሙን ጎን ለማሳለፍ ሲባል ትሪው ያዘነበለ ዕለት ጨዋታው አለቀ።

ጥያቄ፦ ግሉምሄቨን የመሰለ ትልቅ ጨዋታ ለብቻዬ እጫወታለሁ። ልሽጠው?

መልስ፦ አትሽጠው። ሳጥኑ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋው ጨዋታ የሚያደክምህ ድርደራው ነው እንጂ ጨዋታው አይደለም። የየገጸ ባሕርዩን ካርድና ጠጠር በየራሱ ዚፕ ያለው ከረጢት፣ የየጭራቁን ደግሞ ለብቻ አድርገህ ስም ጻፍባቸው። አንዱን ማታ ደርድር፣ በሌላው ማታ ተጫወት። ከሰው ጋር መጫወት ከናፈቀህ ቦርድ ጌም አሬና በተባለው የኢንተርኔት መጫወቻ ላይ ተራን በቀናት የሚቆጥር አጨዋወት አለ፤ በቀን አንድ ተራ በስልክ ታሳልፋለህ፣ ማንም አይጠብቅህም።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጄ ስንጫወት ካየ ጭኔ ላይ ካልተቀመጥኩ ይላል፤ ከዚያ ሰሌዳውን ይጠርገዋል።

መልስ፦ የሚጠርገው ለክፋት አይደለም። በዚህ ዕድሜ የሚስበው ሥራ መሙላትና ማፍሰስ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚያየው ሁሉ የሚፈስ ነገር ነው። ስለዚህ የሚፈስ ነገር ስጡት። ለራሱ አንድ ሳጥን ይኑረው፤ ከ10 እስከ 12 ትልልቅ የእንጨት ብሎኮች፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ጎኑ ከ5 ሴንቲሜትር የበለጠ ትልቅ ዳይስ። ስፖንጅ ዳይስ ነክሶ ሊገምጠው ይችላልና እንጨት ይሻላል። ሳጥኑ የሚወጣው እናንተ ስትጫወቱ ብቻ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ ካለ ይሰለቸዋል። ዳይስ መጣል ሥራው ከሆነ ጎኑ ረጅም በሆነ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይጣል። «ተራህን ጠብቅ» የሚለው ቃል ለእሱ ገና ባዶ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ አንድ ትልቅ ነገር፣ ለምሳሌ የጨርቅ አሻንጉሊት ስታደርጉበት ተራን በዓይኑ ያየዋል። ይህ ሁሉ የሚገዛላችሁ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

ጥያቄ፦ ለእሱ የመጀመሪያ የሚሆን እውነተኛ ጨዋታስ?

መልስ፦ የመጫወቻ አምራቹ ሃባ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ፈርስት ኦርቻርድ፤ ከ2 ዓመት ጀምሮ የሚል ነው። 4 ዛፍ፣ በየዛፉ 4 ትልልቅ የእንጨት ፍሬ፣ አንድ ቅርጫት፣ አንድ ቁራ። ዳይሱ ቀለም ካሳየ የዚያን ቀለም ፍሬ ወደ ቅርጫት፣ ቅርጫት ካሳየ የወደዱትን ፍሬ፣ ቁራ ካሳየ ቁራው አንድ እርምጃ ወደ ዛፎቹ። ቁራው ሳይደርስ ፍሬው ካለቀ ሁሉም አሸነፈ። መጀመሪያ ቁራውን ደብቁት፤ በየዛፉ 2 ፍሬ ብቻ አድርጉና ቀለም ከቀለም ማዛመዱን ይልመድ። ልጅ የቀለሙን ስም ከመጥራቱ በፊት ማመሳሰል ይችላልና ስሙን ካላወቀ ብላችሁ አትቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1986 ከወጣው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ግን አታምታቱት፤ ያኛው 40 ፍሬ ያለው ሲሆን ከ3 ዓመት ጀምሮ ነው።

ጥያቄ፦ መደርደሪያችን ከወለል ይጀምራል። ከባዱ ሳጥን ከታች ይሁን ሲሉ እሰማለሁ፤ ከታች ካደረግነው ደግሞ ልጁ ይጎትተዋል።

መልስ፦ ከባዱ ከታች ይሁን። ከላይ የከበደ መደርደሪያ ልጅ ሲንጠላጠልበት ይወድቃል። ከታች ቢከብድም ሳይቀር ግድግዳው ላይ በብረት ማሰሪያ እሰሩት፤ ይህ በምርጫ የሚታለፍ አይደለም። የታችኞቹን ሳጥኖች በሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ አስሯቸው፤ ላስቲክ የካርቶኑን ጠርዝ ይቆርጣል። ትንንሽ ጠጠር ያላቸው ወደ ላይ ይውጡ፤ ወንበር ከአጠገቡ ይራቅ።

ጥያቄ፦ ካርድ ታኘከ። ይድናል?

መልስ፦ ምራቅ የነካው ካርድ በሁለት የሚመጥ ወረቀት መሃል ገብቶ ከባድ መጽሐፍ ይጫንበት፤ ወረቀቱ በየጥቂት ሰዓቱ ይቀየር። በፀጉር ማድረቂያ አይሞከር፤ አንዱ ገጽ ቀድሞ ስለሚደርቅ ካርዱ ይጣመማል፣ ድርቡም ይለያያል። ለወደፊቱ የላስቲክ ልባስ ይግዙ፤ ብዙ ጨዋታዎች የሚጠቀሙት ካርድ 63.5 በ88 ሚሊሜትር ነው። ባዶው የልባስ መጠቅለያ ከልጁ ይራቅ።

ጥያቄ፦ ጠጠር መጉደሉን በቶሎ ማወቂያ አለ?

መልስ፦ ከክዳኑ ውስጥ የየዓይነቱን ቁጥር ጽፈሽ ለጥፊ፤ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ከመነሳታችሁ በፊት ቁጠሩ። ጠጠሩ ከበዛ የእያንዳንዱን ከረጢት ክብደት መዝግቢ። አንድ የእንጨት ጠጠር 1 ግራም ላይሞላ ይችላልና በ1 ግራም የሚቆጥረው ሚዛን አያሳይሽም፤ 0.1 ግራም የሚለየው ያስፈልጋል። የጎደለ ነገር ከተገኘ ልጁ ወለል ላይ ከመውረዱ በፊት ይፈለግ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጨዋታ አትወድም። ጓደኞቼን ስጠራ ልጁ እሷ ላይ ይቀራል፤ ቅሬታዋ ገብቶኛል ግን መተውም ከበደኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅሬታዋ ልክ ነው፤ መተውም የለብህም። የጨዋታው ሰዓት የሚጀምረው እንግዳ ሲገባ ሳይሆን ልጁ ሲተኛ ይሁን፤ የዚያን ዕለት ማጠቡ፣ ማስተኛቱ፣ በኋላ ብርጭቆ ማንሳቱና ወለል መፈተሹ ያንተ ነው። ማግስቱን ማልዶ ከልጁ ጋር የሚነሳውም አንተ ነህ። ብዙ አባቶች ይህን የመጨረሻውን ይረሱታል። አምሽቶ የመጣው ድካም እሷ ላይ የሚያርፈው ግን ያን ጊዜ ነው። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ ከነቀን እንቅልፉ በ24 ሰዓት ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ስለሚያስፈልገው ለጨዋታ ብለህ መኝታውን አታዘግይ። ለእሷም ያንኑ ያህል ሰዓት፣ ሳትጠይቅህ፣ በሳምንቱ መርሐ ግብር ላይ ይጻፍላት። ጓደኞችህ ደግሞ መውጫ ሰዓታቸውን ከመምጣታቸው በፊት ይወቁ።

ጥያቄ፦ 3 ዓመት ከሞላው በኋላ ትንንሾቹን ጠጠሮች ማውጣት ይቻላል?

መልስ፦ 3 ዓመት የመለያው ቁጥር ነው፤ ልጃችሁን አያውቀውም። ትልልቅ ጠጠሮችን ይዞ ለተከታታይ ሳምንታት አንዱንም አፉ ውስጥ ካልከተተ፣ በየጨዋታው አጠገቡ ሆናችሁ ጥቂት ጠጠር ብቻ በማውጣት ጀምሩ። ማግኔትና የአዝራር ባትሪ ግን እንደታሸጉ ይቆዩ። ታናሽ ካለው ደግሞ ቆጠራው እንደገና ከታናሹ ይጀምራል፤ ትልቁ ጠጠሩን የሚጫወተው በከፍተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ትንሹ ሲተኛ ነው።