የኋላ ሾክ አብዞርበር፦ በሊንኬጅ ወይስ በቀጥታ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ፒያሳ አካባቢ ሲሆን ለሥራ ግን በየጊዜው በሞተር ሳይክል ወደ ሰሜን ሸዋ እወጣለሁ። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የጅሩ መረሬ ጭቃ ይጠብቀኛል። ስሄድ ከባድ የመለኪያ ዕቃ እጭናለሁ፤ ስመለስ ባዶዬን ነኝ። ያገለገለ፣ ከመንገድ ውጭ የሚነዳ ሞተር ልገዛ ፈልጌ ሁለት አገኘሁ። የአንዱ የኋላ ሾክ አብዞርበር ከጎማው ክንድ (የኋላውን ጎማ ከሞተሩ አካል ጋር ከሚያይዘው ተንቀሳቃሽ ብረት) ጋር የተያያዘው በሊንኬጅ፣ ማለትም በመካከል በሚገቡ ተንቀሳቃሽ ማገናኛዎች ሲሆን፣ ሌላው የኬቲኤም ሥሪት ሆኖ ያለ ሊንኬጅ በቀጥታ ታስሯል። አንድ ወዳጄ ሊንኬጅ የሌለው ኋላ ቀር ነው ይለኛል፤ መካኒኬ ደግሞ ሊንኬጅ ትርፉ ጣጣ ነው ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከወዳጅዎ ይልቅ መካኒክዎ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ። ያም ሆኖ እርስዎ ለገለጹልን ሥራ የምንመክረው ሊንኬጅ ያለውን ነው፤ ምክራችን ግን ኋላ የምንጠቅሰውን ግዴታ ለመወጣት ፈቃደኛ ከሆኑ ብቻ የሚጸና ነው።

ለከባድ መንገድ የተሠራ ሞተር የኋላ ጎማ 300 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ለጠጠር ለስላሳ፣ ለጉድጓድ ጠንካራ እንዲሆን ይፈለጋል፤ እነዚህን ሁለት ተቃራኒ ጠባዮች ከአንድ ሞላ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። ሊንኬጅ ችግሩን የሚፈታው በቅርጹ ነው። ጎማው መነሣት ሲጀምር ሾክ አብዞርበሩ በጥቂቱ ብቻ ይታመቃል፤ ጎማው ከፍ ባለ ቁጥር ግን የማገናኛዎቹ አቅጣጫ ስለሚለወጥ፣ ጎማው በተነሣባት በእያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ሾክ አብዞርበሩ የሚታመቀው መጠን እየጨመረ ይሄዳል። በዚህም የሞላው ብቻ ሳይሆን በሾክ አብዞርበሩ ውስጥ ያለው ዘይት መቋቋምም ያድጋል፤ ዘይቱ በፒስተኑ ቀዳዳዎች የሚያልፍበት ፍጥነት ስለሚጨምር ነው።

በቀጥታ የታሰረው ይህን እገዛ ስለማያገኝ ጥንካሬውን በአብዛኛው ከራሱ ከሾክ አብዞርበሩ ውስጥ ማምጣት አለበት። ኬቲኤም ፒዲኤስ ብሎ የሰየመው አሠራር ሾክ አብዞርበሩን ዘንበል አድርጎ ከክንዱ ጋር ያስራል፤ በጉዞው መጨረሻ አካባቢ ደግሞ የዘይቱን መተላለፊያ የሚያጠብብ ተጨማሪ ክፍል ሥራውን ይጀምራል። ይህ አሠራር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ሆንዳ ፕሮ ሊንክ የተባለውን ሊንኬጁን በሞቶክሮስ (በዝላይ ውድድር) ሞተሮቹ ላይ ያቀረበው በ1981 ስለሆነ፣ ኋላ ቀር የሚለው ስም ለፒዲኤስ አይገባውም። ኬቲኤም ራሱ ለዝላይ ውድድር የሚሠራቸውን ሞተሮች ከ2011 ሞዴሎች ጀምሮ ወደ ሊንኬጅ ሲመልስ፣ ለድንጋይና ለደን መንገድ በሚሠራቸው፣ ኢኤክስሲ በተባሉት ሞተሮቹ ግን በፒዲኤስ ቀጥሏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከሞተሩ ሆድ በታች የሚንጠለጠልና ከድንጋይ ጋር የሚጋጭ ነገር አይኖርም፣ ጭቃ የሚገባባቸው ኩሽኔታዎችም ያንሳሉ።

ታዲያ ለእርስዎ ሊንኬጅ ያለውን የመረጥነው ስለ ጭነቱ ነው። ፒዲኤስ የሞላ ምርጫ ላይ ጥብቅ ነው። በቀጥታ የታሰረ ሾክ አብዞርበር የሚታመቀው በአጭር ርቀት ስለሆነ ጠንካራ ሞላ ይፈልጋል፤ በሊንኬጅ ሞተሮች ላይ የሞላው ጥንካሬ (ሞላውን አንድ ሚሊ ሜትር ለማመቅ የሚያስፈልገው ኃይል) ብዙውን ጊዜ በሚሊ ሜትር በ40ዎቹና በ50ዎቹ ኒውተን ሲሆን፣ በፒዲኤስ ላይ ወደ 60ዎቹና 70ዎቹ ይወጣል። ለነጂው ብቻ የተመረጠ ሞላ ላይ የዕቃ ሣጥን ሲጨመርበት የሞተሩ ኋላ ይሰጥማል፤ ለጭነቱ የተመረጠው ደግሞ በመልስ ጉዞ ኮረኮንቹን ሁሉ ወገብዎ ድረስ ያደርሰዋል። ሊንኬጅም ቢሆን ሞላው ከነጂው ክብደት ጋር መስማማት አለበት፤ ሆኖም መጀመሪያው ልስልስ፣ መጨረሻው ጠንካራ ስለሆነ እንዲህ ያለውን መለዋወጥ በተሻለ ይሸከማል።

አሁን ወደ ግዴታው እንምጣ። የሊንኬጁ ኩሽኔታዎች እንደ መርፌ የቀጠኑ ዘንጎች የተደረደሩባቸው ናቸው፤ ግሪሳቸው ካለቀ ፈጥነው ይዝጋሉ። ስለዚህ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ ሊንኬጁ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ አዲስ ግሪስ ይቀባ። ላቫጆ ሲያሳጥቡም ኃይለኛው ውኃ ወደ ሊንኬጁ መገጣጠሚያ በቀጥታ እንዳይረጭ ይንገሯቸው፤ ጭቃውን በኩሽኔታው የላስቲክ ማኅተም አሳልፎ ወደ ውስጥ የሚያስገባውና ግሪሱን የሚያጥበው እሱ ነው። ይህን ለማድረግ ጊዜ ካጡ ምክራችን ይገለበጣል፤ ያኔ ኬቲኤሙን ይግዙ።

ከመክፈልዎ በፊት ሁለቱንም በእጅዎ ይመርምሩ። የኋላ ጎማው ከመሬት እስኪላቀቅ ድረስ ሞተሩ በማቆሚያ ላይ ይነሣ፤ ከዚያ ጎማውን በሁለት እጅ ይዘው በዝግታ ወደ ላይ ይሳቡት። ሞላው መታመቅ ሳይጀምር ጎማው ባዶውን ከተንቀሳቀሰና መዳፍዎ ላይ ቋ የሚል ምት ከተሰማዎ፣ የሊንኬጁ ወይም የሾክ አብዞርበሩ መታሰሪያ ኩሽኔታ አልቋል ማለት ነው። ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ግን የጎማው ወይም የክንዱ ኩሽኔታ ይፈተሽ። በኬቲኤሙ ላይ በተለይ የሾክ አብዞርበሩን የታችኛውን መታሰሪያ ይመልከቱ፤ ዘንበል ብሎ ስለሚሠራ የጎን ጫናው እዚያ ያርፋል። በሁለቱም ላይ የሾክ አብዞርበሩ ዘንግ በዘይት ከረጠበ ማኅተሙ ሄዷል፤ ዋጋው ላይ ይደራደሩበት።

ኩሽኔታ መቀየር ካስፈለገ አሮጌውን ይዘው ሶማሌ ተራ ይውረዱና መጠኑን እያስተያዩ ይግዙ። በኩሽኔታው ውስጥ የሚገባው የብረት ቀለበት ዝገት ወይም ጭረት ካለበት አብሮ ይለወጥ፤ አሮጌ ቀለበት አዲሱን ኩሽኔታ በአንድ ክረምት ይበላዋል።