ሥራው ይጠብቃችኋል ወይ? ልጅ ለብቻቸው ለሚያሳድጉ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ወጣት አንድ ጥያቄ አያጣም። «ቤት ሆኜ ምን ብሠራ ያዋጣኛል?» ጠያቂዋ ብዙ ጊዜ ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ እናት ናት። አልፎ አልፎ አባትም ይገጥመኛል። እሱ ግን «ለአንዲት ዘመዴ ነው» ብሎ ነው የሚጀምረው። ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የሥራ ዘመኔ ያለቀው በብድርና ቁጠባ ነው። የተበዳሪን በር ማንኳኳት እንጀራዬ ነበር። እዚህ ባህር ዳር ከሽምብጥ እስከ አባይ ማዶ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ዘንዘልማ ብዙ ግቢ ገብቻለሁ። የብድር ቅጽ የሚጠይቀው ያው ነው፤ ምን ትሠራላችሁ፣ ስንት ታተርፋላችሁ፣ በምን ትመልሳላችሁ። ልጅ ለብቻው ለሚያሳድግ ሰው ግን ቅጹ ላይ የሌለ ሌላ ጥያቄ አለ። እኔ የማስቀድመው እሱን ነው። ሥራው ይጠብቃችኋል ወይ?

ምን ማለቴ ነው? ልጅ ሌሊት ያተኩሰዋል። ጠዋት ጤና ጣቢያ ተሰልፋችሁ ትውላላችሁ። ሁለት ወላጅ ባለበት ቤት አንዱ ልጁን ይዞ ይሄዳል፣ አንዱ ሥራው ላይ ይቀራል። እናንተ ጋ ያ ሁለተኛ ሰው የለም። መሃል ላይ ጥላችሁት ሄዳችሁ ከሁለት ቀን በኋላ ስትመለሱ እንዳለ የሚቆያችሁ ሥራ አለ። የማይቆያችሁም አለ። የማይቆየው ሥራ ትርፉ የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ ልጅ በታመመ ቁጥር ከኪሳችሁ ያወጣል።

ዓሣን እንይ። ጣና ሐይቅ ደጃችን ነው። ቀረሶው፣ አምባዛው፣ ነጭ ዓሣው በየማለዳው ይወጣል፤ በሁዳዴ ደግሞ ፈላጊው ይበዛል። «ከአስጋሪ እየተረከብኩ፣ ቤቴ ፊሌቶ እያወጣሁ ለሆቴል ላስረክብ» ያላችሁኝ አላችሁ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን የባህር ዳርን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ዓሣ ያለ በረዶ የሚቆየው ለሰዓታት ነው። ፍሪጅ ቢኖራችሁም፣ መብራት የሄደ ቀን ፍሪጅ ያው ቁም ሣጥን ነው። ለብቻችሁ ከሆናችሁ ዓሣውን ተዉት።

እንጀራ መሃል ላይ ነው። ገበያው አለ፤ ይህን ማንም አይክደውም። በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች በፔዳና በፖሊ አካባቢ፣ «ነን ካፌ» የሆነው፣ ማለትም ከግቢው ካፌ የማይመገበው ተማሪ፣ በኮንትራት ነው የሚበላው። ብዙ ምግብ ቤት ደግሞ ራሱ አይጋግርም፤ ከሚያስረክበው ሰው ይወስዳል። ችግሩ ሊጡ ነው። ከቦካ በኋላ ቀጠሮ አይቀየርለትም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይደርሳል፤ አንድ ቀን ካሳለፋችሁት ኮምጥጦ ቁጭ ይላል። ስለዚህ እንጀራ ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ከምጣዱ በፊት ሰው ፈልጉ። እንደ እናንተው ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ፣ እንደ እናንተው የምትጋግር ጎረቤት። እሷ ስትቀር እናንተ ደንበኞቿን ትይዛላችሁ፤ እናንተ ስትቀሩ እሷ። ገንዘቡ የጋገረችዋ ነው፣ ደንበኛው ግን የባለቤቱ ሆኖ ይቆያል። ይህን ከመጀመሪያው በግልጽ ተነጋገሩ። በኋላ የሚያጣላው ደንበኛው ነውና።

ስለ ሩዝም አንድ ነገር ልበል። የፎገራን ሩዝ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ መጋገር እኛ አገር የተለመደ ነው። እንጀራውን ነጣ ያደርገዋል፣ ወጪም ይቀንሳል። ነውሩ መቀላቀሉ ሳይሆን «ንጹሕ ማኛ ነው» ብሎ መሸጡ ነው። ሩዝ ያለበትን በሩዝ ዋጋ ሽጡ። በእንጀራ ውስጥ ባዕድ ነገር ይጨመራል የሚል ወሬ በተነሣ ቁጥር ደንበኛ የሚያጡት የቀላቀሉትን ሳይናገሩ የሸጡት ናቸው።

የሚጠብቃችሁ ሥራ ባልትና ነው። ሽሮን ውሰዱ። አተሩ ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ይነፈሳል፣ ከቅመሙ ጋር ተደባልቆ ፀሐይ ይመታል፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መሃል የትም ቦታ ላይ ሸፈን አድርጋችሁት ሁለት ቀን ብትጠፉ ምንም አይሆንም። ለቀማው ልጁ ከተኛ በኋላ ማታ ይሠራል። አያት ካለች እሷም ቁጭ ብላ ታግዛለች። ጥንቃቄ የሚፈልገው ክረምት ላይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሐይቁ ዳር ዝናብና እርጥበት አያስተማምንም። በርበሬ በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ ይሻግታል። የሻገተ በርበሬ ከተፈጨ በኋላ ዓይን አይለየውም፤ መርዙ ግን ድስት ውስጥ ገብቶም አይጠፋም። ስለዚህ የክረምቱን በርበሬ በበጋ ገዝታችሁ፣ ቀንጥሳችሁ፣ አድርቃችሁ ጨርሱ።

አሁን ዋጋ አወጣጥ ላይ እንምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትወድቁት እዚህ ነው። 10 ኪሎ አተር ገዝታችሁ 10 ኪሎ ክክ አይወጣላችሁም። ሲለቀምም ሲነፈስም ይጎድላል። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ከጥሬው እስከ ዱቄቱ እየመዘናችሁ ተከታተሉት። ለምሳሌ ያህል 8 ኪሎ ክክ ቢቀራችሁ፣ አንዱ ኪሎ ከተገዛበት ዋጋ በሩብ ጨምሮ ነው እጃችሁ የገባው። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ወፍጮው፣ ላስቲኩ፣ የባጃጁ ገና አልተቆጠረም። ጉልበታችሁም ገና አልተቆጠረም። «እኔማ ቤቴ ነው የዋልኩት» ትሉኛላችሁ። ይህን ሥራ ለሰው ብታሠሩት በቀን ስንት ትከፍላላችሁ? ያንኑ ለራሳችሁ ጻፉ። ጉልበቱን በዜሮ የሚያስብ ሰው ርካሽ ይሸጣል። ደንበኛ ይጎርፍለታል፣ ወገቡ ይጎብጣል፣ ዓመቱ ሲዞር እጁ ላይ ምንም የለም። ወዳጆቹም «ሥራው እኮ ጥሩ ነው» ይሉታል።

ልብስ ስፌትም ይጠብቃል። ዚፕ መቀየር፣ ሱሪ ማሳጠር፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ዩኒፎርም። የተማራችሁ ደግሞ የጎረቤት ልጆችን ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ማስጠናት ትችላላችሁ፤ የራሳችሁ ልጅም አብሮ ያጠናል። ኮምፒውተር ያላችሁ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ትተይባላችሁ። ሹሩባ የምትችሉ አላችሁ። የሰው ሕፃን መያዝ ግን ከማይጠብቁት ወገን ነው፤ የእናንተ ልጅ ሲታመም ያቺ እናት ከሥራዋ ትቀራለች።

ጠላና አረቄ ያነሣችሁብኝ አላችሁ። ያዋጣል፤ አውቃለሁ። ብዙ ሰው በጠላ ልጆቹን አስተምሯል፤ አልንቀውም። ግን ልጅ በሚተኛበት ክፍል፣ ሌላ አዋቂ በሌለበት ቤት፣ ማታ የጠጣ ሰው ተሰብስቦ ሲቀመጥ ደስ አይለኝም። ለድግስ በትዕዛዝ ጠምቃችሁ ብታስረክቡ ሌላ ነገር ነው። ቤት ውስጥ አስቀምጦ ማጠጣቱን ግን እኔ አልመክርም። ሽማግሌ ነው የሚያወራው ካላችሁም በሉ።

ዱቤ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቤት ንግድ በገበያ እጦት ከሚሞተው ይልቅ በዱቤ የሚሞተው ይበዛል። ሱቅ ያለው ሰው «ዛሬ በጥሬ፣ ዱቤ ነገ» ብሎ ይለጥፋል። እናንተ የምትሸጡት ቤታችሁ ነው። ገዢዋ ጎረቤት ናት፣ የእድር ሰው ናት፣ የልጃችሁ ክርስትና እናት ናት። ቡና ጠጥታ፣ ልጁን ስማ፣ ልትወጣ ስትል «ደሞዝ ሲወጣ እሰጥሻለሁ» ትላለች። እንዴት እምቢ ይባላል? ዱቤ ጨርሶ አትስጡ ብል አትሰሙኝም። ስለዚህ ልክ አብጁለት። አንዲት ባልትና የምትሠራ ተበዳሪያችን ደብተሯን ከበሩ ጀርባ በክር ሰቅላው ነበር። ለዱቤ የተመደበው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ገጹ ከሞላ፣ የሰዎቹን ስም በመዳፏ ሸፍና የመጨረሻውን መስመር ታሳያለች። «ይኸው፣ ቦታ የለም። አንዱ ሲከፍል ያንቺን እጽፋለሁ።» እምቢ ያለው ደብተሩ ነው፤ የሚቀየም ሰው አልነበረም። አንዳንዴ ጠያቂዋ ራሷ የድሮ ዕዳዋን ከፍላ ቦታ ታስለቅቃለች።

ብድርን በተመለከተ የድሮ ሙያዬ ስለሆነ ብዙ ማውራት እችላለሁ፤ አሳጥራለሁ። ብድር ስትወስዱ የመጀመሪያው ክፍያ መቼ እንደሚጀምር ጠይቁ፤ ከዚያ ሥራው ገንዘብ መቼ እንደሚሰጥ አስተያዩ። ዶሮ ጥሩ ምሳሌ ነው። የ45 ቀን ጫጩት በብድር ትገዛላችሁ። እንቁላል መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሆናት ነው። እስከዚያ ሦስት ወር ከዚያም በላይ መኖ ትገዛላችሁ፤ አንድ እንቁላል አታዩም። ዕዳው ግን በየወሩ ይመጣል። በዚህ መሃል ፈንግል ከገባ ክትባት ያላገኘውን በሙሉ ጠርጎት ይሄዳል። ዶሮ አታርቡ አላልኩም፤ በብድር አትጀምሩት ነው ያልኩት።

በቡድን ዋስትና የሚሰጥ ብድርም አለ። የቀድሞው አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በዚህ መንገድ ብዙ ሰው አበድሯል። መያዣ ለሌለው ሰው በር ይከፍታል። ግን አንዷ ስትጠፋ የእሷን ቀሪዎቹ ይከፍላሉ። የቡድን አባል ስትመርጡ የምትወዷትን ሳይሆን ገበያ ውላ ስትመለስ ገንዘቧን የምትቆጥረዋን ምረጡ። ለመነሻ ያህል ከሆነ እኔ ከብድር ይልቅ እቁብ ይሻለኛል። ወለድ የለውም። የእቁቡን ዳኛ ካወቃችሁት ለምን እንደምትፈልጉት ንገሩት፤ ከበዓል በፊት ዕጣ የደረሰው ሰው ሊቀያየራችሁ ይችላል።

የቤቱንና የሥራውን ገንዘብ ለዩ። ይህ ዛሬ ቀሏል። የቤቱ ባንክ ላይ ይቀመጥ፣ የሥራው በቴሌብር ይግባ ይውጣ። አንድ ቀን ብድር ስትጠይቁ የዓመቱ ዝውውር ራሱ ይመሰክርላችኋል። ከሥራው ለቤት ስታወጡ ለራሳችሁ ደሞዝ እንደከፈላችሁ ቁጠሩት እንጂ እየቆነጠራችሁ አትውሰዱ።

ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ መሸጥ ጥሩ ነው። ብቻ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት የቆየውን አትርሱ። ያን ጊዜ ሥራቸው የቀጠለው የደንበኛ ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ የጻፉት ናቸው። የልጃችሁን ፎቶ ለማስታወቂያ አትለጥፉ። «ቤት ቁጭ ብላችሁ ብር ትሠራላችሁ፤ መጀመሪያ ይህን ያህል አስገቡ፣ ከዚያ ሰው አምጡ» የሚላችሁ ካለ ስልኩን ዝጉበት። ሥራ የሚሰጥ ሰው ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

ተከራይ ከሆናችሁ፣ ሥራው ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ ከአከራያችሁ ጋር ተነጋገሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እየጨመረ የሚሄድ ነው። ግቢው ሁሉ አንድ ቆጣሪ ላይ ከሆነ የእናንተ ምጣድ የሁሉንም ቢል ከፍ ያደርጋል። ጠቡ የሚነሣው ከዚያ ነው፤ ቤት ልቀቁ የሚባለውም ከዚያ ነው። የእናንተን ለብቻ የሚለካ አነስተኛ ቆጣሪ በባለሙያ አስገቡ፤ ወይም የምትጨምሩትን ቀድማችሁ ተስማሙ። «ቤት ውስጥ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገኝም» የሚለውም አያዋጣም። አዋጅ ቁጥር 980/2008 ንግድ የሚሠራ ሰው ፈቃድ ይያዝ ይላል። የታሸገ ሽሮ ለሱፐርማርኬት ልታስረክቡ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ስለ ሥራ አይደለም፣ ስለ ገቢ ግን ነው። ብዙዎቻችሁ ከሌላው ወላጅ የልጁን ቀለብ አልጠየቃችሁም። ክብር ይዟችሁ ነው፣ ወይም ጭቅጭቁን ሸሽታችሁ። ቀለቡ የልጁ መብት ነው፤ በእሱ ስም መተው የእናንተ ፈንታ አይደለም። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ ቁጥር 79/1995፣ አብረው ባይኖሩም ሁለቱም ወላጆች ልጁን የማሳደግ ግዴታ እንዳለባቸው ይቆጥራል። ጠበቃ የመቅጠር አቅም ከሌላችሁ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ስትሄዱ የልጁን የልደት የምስክር ወረቀት፣ የራሳችሁን መታወቂያና ለልጁ በወር የምታወጡትን ወጪ በዝርዝር የጻፋችሁበትን ወረቀት ያዙ። የዚያን ወረቀት አንድ ቅጂ ቤት አስቀሩ። ቤቱ በወር ስንት እንደሚፈልግ የሚነግራችሁ እሱ ነው፤ ከሽሮው ወይም ከስፌቱ ስንት መውጣት እንዳለበት ስታሰሉ ከዚያ ጀምሩ።