ሰዓቴ 86፣ የጣት መለኪያው 94፦ የትኛውን ልመን?

ጥያቄ፦ ልጄ ከቨርጂኒያ የላከችልኝ ስማርት ሰዓት ሌሊት የኦክስጅን መጠኔን አንዳንዴ 86 ይላል። ጠዋት ክሊኒክ ሄጄ ጣቴ ላይ ሲለካ 94 ነው። «ሰዓቱ ጥቁር ቆዳ ላይ ስለማይሠራ ነው» ተባልኩ። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የነገሩዎት ነገር መሠረት አለው፤ አቅጣጫው ግን ተገልብጧል። ጥቁር ቆዳ ላይ የታየው ስህተት በአብዛኛው ቁጥሩን ከእውነተኛው ከፍ የሚያደርግ ነው። ስለዚህ 86ቱን የቆዳ ቀለም አመጣው ለማለት ይከብዳል፤ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ደስ ያሰኘዎት 94 ነው።

መሣሪያው ቀይና ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ) ብርሃን ይልካል። ኦክስጅን የያዘ ደም ቀዩን አብዝቶ ያሳልፋል፣ ያልያዘው ይውጠዋል። መሣሪያው ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ብርሃን ብቻ ለይቶ ሁለቱን ያነጻጽርና ውጤቱን በሠንጠረዥ ወደ መቶኛ ይቀይራል። ሠንጠረዡ የሚዘጋጀው ጤነኛ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየር እየሳቡ ከደም ቅዳቸው ናሙና ተወስዶ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የጠየቀው ቢያንስ 10 ሰው፣ ከእነሱም 2 ሰው ወይም 15 በመቶው (የሚበልጠው) ጥቁር ቆዳ ያላቸው እንዲሆኑ ብቻ ነበር። ሁለት ሰው! በ2025 ባቀረበው ረቂቅ ቁጥሩን ወደ 150 ሰው ከፍ አድርጎታል፤ ረቂቁ ግን የሚመለከተው የሕክምና መሣሪያን እንጂ እንደ ተራ ዕቃ የሚሸጥ ሰዓትን አይደለም።

መዘዙ በ2020 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በወጣ ጥናት ታይቷል። የጣት መለኪያው ከ92 እስከ 96 ባነበበበት ጊዜ የደም ቅዳ ምርመራው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁር ሕሙማን 11.7 በመቶ፣ በነጮች 3.6 በመቶ በሆኑት ልኬቶች ነው።

86ቱስ? ጣት ላይ ብርሃኑ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያልፋል፤ አንጓ ላይ ግን ሰዓቱ የሚያነበው ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ደካማ ብርሃን ነው። ክንድዎ ላይ ሲተኙ፣ እጅ ሲቀዘቅዝ፣ ማሰሪያው ሲላላ ረብሻው ከልብ ምት የሚመጣውን ምልክት ይበልጠዋል። ረብሻ ሁለቱንም ብርሃን እኩል ስለሚያናውጥ ንጽጽሩ ወደ 1 ይጠጋል፤ 1 ደግሞ በሠንጠረዡ ላይ 85 በመቶ ገደማ ነው። ያልጠራ ምልክት ብዙ ጊዜ ሰማንያዎቹ አካባቢ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

«ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍም አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ጥቂት ነጥብ ዝቅ ማለት ይጠበቃል። ነገር ግን በ2002 በወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች አማካይ 95.3 በመቶ ነበር።

እንዲህ ያድርጉ። ሰዓቱን ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገው፣ እንዳይንሸራተት ግን ደም እንዳያግድ አጥብቀው ይሰሩት፤ ንቅሳት ካለ ወደ ሌላው እጅ ያዛውሩት። በጣት ሲለኩ 5 ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ፣ እጅዎን ያሙቁ፣ የጥፍር ቀለም፣ ሂና ወይም እንሶስላ የሌለበትን ጣት ይምረጡ። ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቀው ይጻፉ። ደህና በሆኑበት ሳምንት በየቀኑ የተጻፈው ቁጥር የእርስዎ መነሻ ነው፤ ከዚያ 3 ወይም 4 ነጥብ ወርዶ ከቀረ፣ 92 ቢሆንም እንኳ ለሐኪም ይንገሩ። ማንኮራፋት፣ በእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ወይም የጠዋት ራስ ምታት ካለ የሌሊቱ 86 እውነት ሊሆን ይችላልና ይመርመሩ። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ምላስና የከንፈር ውስጠኛው ክፍል ከጠቆረ፣ መሣሪያው ምንም ይበል ምን፣ ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ። ሐኪሙንም «የደም ቅዳ ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቀስ ብዬ ስሮጥም ሰዓቴ የልብ ምቴን 170 ይላል። ልቤ ታሞ ይሆን? (ከዱባይ)

መልስ፦ መጀመሪያ እርምጃህን ቁጠር። በደቂቃ 170 ገደማ ከሆነ ሰዓቱ የእጅህን ውዝዋዜ እንደ ልብ ምት እየቆጠረው ሊሆን ይችላል፤ የተለመደ ስህተት ነው። ቆም በልና ወዲያውኑ አንገትህ ላይ 15 ሰከንድ ቆጥረህ በ4 አባዛ። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ሰዓቱ የልብ ምት የሚለካበትን አረንጓዴ ብርሃን ስለሚውጥ፣ የቆዳ ቀለም በስህተቱ ላይ ያለው ድርሻ ተጠንቷል፤ ጥናቶቹ ግን አልተስማሙም። በ2017 የስታንፎርድ ጥናት ጥቁር ቆዳ ላይ ስህተቱ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ በ2020 የዱክ ጥናት ልዩነት አልታየም፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ ግን ስህተቱ ከዕረፍት ጊዜው በ30 በመቶ ገደማ በልጧል። በምት ልክ የምትለማመድ ከሆነ ደረት ላይ የሚታሰረውን መለኪያ ግዛ፤ የልብን ኤሌክትሪክ ስለሚያነብ የቆዳ ቀለም አያግደውም። ከመሮጥህ በፊት የሚነካህን ቦታ በውኃ አርጥበው። አንገትህ ላይ የቆጠርከውም 170 ከሆነ፣ ወይም ልብህ ያለ ሥርዓት የሚመታ ከመሰለህ፣ ሐኪም ይይህ።

ጥያቄ፦ ሰዓቱ አቃጠልሽ የሚለኝን ካሎሪ ያህል ብበላ እከሳለሁ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አትመኚው። በዚያው የስታንፎርድ ጥናት ከተፈተሹት 7 መሣሪያዎች በካሎሪ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ፣ የባሰው 93 በመቶ ስቷል። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበይ፣ በአንድ ሚዛን ተመዝነሽ ምግብሽን በዚያ አስተካክይ።