ሰርቨሩ ይመጣል፣ ዴስክቶፑ ይቀራል፦ መጀመሪያ ሰዓቱን እዪው

ከደብረ ብርሃን አንዲት እህት የላከችልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። መስሪያ ቤታቸው 4 ሰርቨርና 70 ዴስክቶፕ አለው፣ ለንብረት ቆጠራ እንዲቀላት ብላ የኔትወርክ ኢንቬንተሪ ስካን (ኔትወርኩ ላይ ያሉትን ማሽኖች እየዞረ የሚመዘግብ ፕሮግራም) ጫነች። "በየቀኑ 2 ሰዓት ላይ እንዲሄድ ስኬጁል አድርጌዋለሁ፣ ሰርቨሮቹ አራቱም ሁሌ ይመጣሉ፣ ከዴስክቶፑ ግን 6 ብቻ ነው የሚመጣው፣ እነሱም ሁሌ ያው ስድስቱ። ቀን ላይ በእጄ ሳስነሳው 58 ይመጣል። ፋይናንስ ያሉት 12ቱ ግን በእጅም በስኬጁልም አክሰስ ዲናይድ (መግባት አይፈቀድም) ነው የሚሉኝ። የዶሜን አድሚን አካውንት (በድርጅቱ ማሽን ሁሉ ላይ ስልጣን ያለውን) ነው ያስገባሁለት፣ ፋየርዎሉንም (ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያግደውን መከላከያ) ከኔ በፊት የነበረው ልጅ አጥፍቶታል፣ ሌላ ምን ይቀረኛል?"

እህቴ፣ ሁለት ችግር ይመስላል እንጂ እኔ አንድ ነው ብዬ ነው የጠረጠርኩት፣ ሰዓት ነው።

2 ሰዓት ስትዪ የሞላሽው 02:00 ነው አይደል? እሱ እኮ በኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። በዛ ሰዓት የሚሰሩት ሰርቨሮቹ ናቸው፣ ስድስቱ ደግሞ ባለቤቶቻቸው ሳይዘጓቸው የሚሄዱ ማሽኖች ናቸው። የስኬጁሉ ውጤት ላይ ላስት ሲን (ማሽኑ መጨረሻ የታየበት ሰዓት) የሚለውን ኮለም እዪው፣ ሁሉም ሌሊት ከሆነ አለቀ፣ ለዚህኛው ችግር ሌላ ነገር አትነካኪ። ጠዋት 2 ሰዓት ማለት 08:00 ነው፣ እሱንም ቢሆን አልመክርሽም ምክንያቱም ሰው ገና እየገባ ነው፣ ሁሉም ማሽን አንዴ ሲነሳ ኔትወርኩም ይጨናነቃል። ለዴስክቶፕ 10:00 አድርጊው፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ሰውም ገብቶ ተረጋግቷል። ሰርቨሮቹን ለብቻ ስኬጁል አውጪላቸው፣ በሳምንት አንዴ ማታ ይበቃል፣ ከባክአፕ ሰዓት ጋር ብቻ እንዳይጋጭ። ዌክ ኦን ላን (የጠፋ ማሽን በኔትወርክ ኬብሉ የሚያስነሳውን) ተጠቅሜ ሌሊት ላስነሳቸው እንዳትዪ፣ እነዚህ ርካሽ ዲቫይደሮች ማታ ከማብሪያ ማጥፊያቸው ይጠፋሉ፣ ኬብሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከሌለ ማንም አይነሳልሽም። መብራት ስለሚቆራረጥም ታስክ ስኬጁለር (ስራ በሰዓቱ የሚያስነሳውን የዊንዶውስ ፕሮግራም) የምትጠቀሚ ከሆነ ያመለጠው ስኬጁል መብራቱ ሲመጣ እንዲሄድ የምትለዋን ሳጥን ራይት አድርጊያት፣ ብዙ ሰው ይረሳታል።

አሁን ወደ ፋይናንሶቹ። ሄደሽ የስክሪኑን ሰዓት ከስልክሽ ጋር አስተያዪው። 6 ሰዓት ወደኋላ ከሆነ አንድ ሰው የሀበሻ ሰዓት እንዲያሳይላቸው ብሎ ሰዓቱን በእጁ አዙሮታል ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት አንድ መስሪያ ቤት ላይ 9 ማሽን እንዲህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ያዞረው ሰው ሰዓቱ እየተመለሰ ሲያስቸግረው ዊንዶውስ ታይም የሚባለውን ሰዓት አስተካካይ ሰርቪስም ዲሴብል አድርጎት ነበር የሄደው፣ እንዲህ አይነቱ ጥገና በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ለምን አክሰስ ዲናይድ እንደሚል ላስረዳሽ፣ ይሄን የሚያውቅ ቴክኒሻን ጥቂት ነው። ዶሜን (ከአንድ ቦታ የሚተዳደሩ ማሽኖች ስብስብ) ውስጥ ማሽን ለማሽን የሚተዋወቀው አብዛኛውን ጊዜ ከርቤሮስ በሚባል የማንነት ማረጋገጫ ዘዴ ነው። ስካነርሽ መጀመሪያ ዶሜን ኮንትሮለሩ (ዶሜኑን የሚያስተዳድረው ሰርቨር) ጋ ሄዶ ትኬት ይቆርጣል፣ ትኬቱን ይዞ ፋይናንሱ ማሽን በር ላይ ሲቆም ያሁኑን ሰዓት ጽፎ አብሮ ይሰጣል። ማሽኑ ደግሞ የሚያየው የራሱን ሰዓት ነው፣ ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ከበለጠ ትኬቱ እውነተኛም ቢሆን አይቀበለውም። እንዲህ የሆነው አንድ ሌባ የትናንት ትኬት ሰርቆ ዛሬ እንዳይገባበት ነው። ስለዚህ 6 ሰዓት የዞረ ማሽን ፓስወርዱ ልክ ቢሆንም ይመልስሻል። ሌላም ነገር አለ፣ ዊንዶውስ ውስጡ የሚቆጥረው በዩቲሲ (በዓለም መነሻ ሰዓት) ነው፣ እኛ ከዛ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ዊንዶውስ ላይ የኛ ታይም ዞን ናይሮቢ የሚለው ነው። ከርቤሮስም የሚያስተያየው ዩቲሲውን ነው። ያዞረው ሰው ታይም ዞኑን ብቻ ቀይሮ ቢሆን ኖሮ ስካንሽ ይሰራ ነበር፣ እሱ ግን ሰዓቱን ራሱን ነው ያዞረው ብዬ ነው የጠረጠርኩት።

መፍትሄው፣ ዞኑን ናይሮቢ ላይ አድርጊ፣ ዊንዶውስ ታይም ሰርቪሱን ኦቶማቲክ አድርገሽ አስነሺው፣ w32tm /resync በሚለው ትእዛዝ ሰዓቱን ከዶሜኑ ጋር አስተካክዪው። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ተመልሶ የሚወድቅ ማሽን ካለ የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው፣ ሲአር2032፣ ቮልቴጁ 3 ቮልት ነው፣ በመልቲሜትር ለክተሽ ከ2.7 በታች ከሆነ ጣዪው። በካርድ ላይ ተደርድረው የሚሸጡትን ርካሾቹን አትግዢ፣ ስትገዢ 3 ያሳዩሽና ትንሽ ሳይቆዩ ይወድቃሉ።

አሁን ያስደነገጠኝ ነገር። የዶሜን አድሚኑን ዛሬውኑ ከስካነሩ አውጪው። ስካነር ማለት መልስ ለሰጠው ማሽን ሁሉ ማንነቱን እያቀረበ የሚዞር ነገር ነው፣ ከሰባው አንዱ ቫይረስ ይዞት ከሆነ የሙሉ ድርጅቱን ቁልፍ በየቀኑ በእጅሽ እየወሰድሽ እያስረከብሽው ነው። ለዴስክቶፑ አንድ አካውንት ፍጠሪ፣ በግሩፕ ፖሊሲ (ለብዙ ማሽን አንዴ ደንብ የሚያወጣው የዶሜኑ መሳሪያ) ዴስክቶፖቹ ላይ ብቻ ሎካል አድሚን (የዛ ማሽን ብቻ አስተዳዳሪ) ይሁን፣ ሰርቨር ላይ ምንም መብት አይኑረው። ለሰርቨሮቹ ሌላ አካውንት፣ ሌላ ፓስወርድ። የድሮውን የዶሜን አድሚን ፓስወርድም ቀይሪው፣ እስከዛሬ ስንት ማሽን ጋ እንደደረሰ አይታወቅምና።

ፋየርዎሉንም መልሺው፣ ማጥፋት መፍትሄ ሆኖ አያውቅም። ከስካነሩ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ብቻ ደብሊውኤምአይ (ስካነሩ የማሽኑን መረጃ የሚጠይቅበት የዊንዶውስ መንገድ) እንዲገባ ፍቀጂ፣ ፖርት 135 እና ዊንዶውስ ራሱ ያዘጋጀው የደብሊውኤምአይ ሩል አለ፣ እሱን ኢኔብል ማድረግ ነው። ሊኑክስ ሰርቨር ካለሽ ፖርት 22 ይበቃዋል። ደግሜ ልበልሽ፣ ይሄን ሁሉ ስትሞክሪ እንቢ ካለሽ እንኳ ለአንድ ደቂቃ ብለሽ ዶሜን አድሚኑን እንዳትመልሺው።

ፋይናንስ ገብተሽ ሰዓቱን ከማስተካከልሽ በፊት ግን ለሂሳብ ሹሟ ንገሪያት፣ ሰዓቱ ዞሮ ካገኘሽው ከዞረ ወዲህ እነዚያ ማሽኖች ላይ የተቀመጡት ፋይሎች ሰዓታቸው 6 ሰዓት ወደኋላ ነው የተመዘገበው፣ ኦዲተር ሲጠይቅ መልስ የምትሰጠው እሷ ናት። ያስተካከልሽበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት ጽፈሽ ስጫት።